«ሹፕ»፦ ሎሚውን ሴቷ ስትወረውር

ሙዚቃ ስትሰሙ መጀመሪያ ልባችሁን የሚይዘው ምንድን ነው? ዜማው? ምቱ? ወይስ ግጥሙ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን፣ በተለይ ዘፈኑ የፈረንጅ ከሆነ፣ ምቱን ይዘን መወዛወዝ እንጂ «ለመሆኑ ይቺ ልጅ ምን እያለች ነው?» ብለን መጠየቅ አይሆንልንም። በሚኒባስ ውስጥ፣ በፀጉር ቤት፣ በጓደኛ ልደት ላይ አሥር ጊዜ የሰማነውን ዘፈን ትርጉሙን ብንጠየቅ ግንባራችንን ማከካችን አይቀርም።

ዛሬ ታዲያ አንድ ዘፈን መርጠን ከውጭም ከውስጥም እናየዋለን። ዘፈኑ «ሹፕ» ይባላል። የተጫወቱት «ሶልት-ኤን-ፔፓ» የተባሉ አሜሪካውያን ሴት ራፐሮች ናቸው። ዘመኑ 1993 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ያልተወለዳችሁ ብዙ ናችሁ፤ ግን በ2016 የወጣውን «ዴድፑል» የተባለ ፊልም ካያችሁ ዘፈኑን ሰምታችሁታል።

ለምን ይህን ዘፈን መረጥን? ስለ መማረክ ስለሚያወራ ነው። ስለ መማረክ የሚያወራ ዘፈን መቼም ሞልቷል። እዚህ ግን የምትማረከውም፣ የምታደንቀውም፣ ቀድማ የምትናገረውም ሴቷ ናት፤ ያውም ሳትሽኮረመም፣ ሳታለቅስ፣ ይቅርታ ሳትጠይቅ። ይህ በመጽሔታችን ከምንነጋገርባቸው ጉዳዮች ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ። እስከ መጨረሻው ተከተሉን።

ጨውና ቁንዶ በርበሬ

ሶልት ማለት ጨው፣ ፔፓ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው። ሶልት ትክክለኛ ስሟ ሼሪል ጄምስ ሲሆን የኒውዮርክ ልጅ ናት። ፔፓ ሳንድራ ዴንተን ትባላለች፤ ትውልዷ ጃማይካ፣ እድገቷ ኒውዮርክ ነው። ሁለቱ የተገናኙት በኮሌጅ ተማሪነታቸው ሲሆን ሲርስ በተባለ ትልቅ መደብር ውስጥም አብረው ይሠሩ ነበር። እዚያው ይሠራ የነበረ ኸርቢ አዞር የሚባል ወጣት ለትምህርት ቤት ሥራው ዘፈን መቅዳት ነበረበትና ሁለቱን ሴቶች ማይክሮፎን ፊት አቆማቸው። በ1985 የወጣው ያ ዘፈን ጊዜው ከነበረ የወንዶች ራፕ ጋር እንካ ሰላንቲያ የገጠመ ነበር። ዘፈኑ በሬዲዮ ተሰማ፤ ቡድኑም በዚያው ቀጠለ። በኋላ ስፒንደሬላ በሚል ስም የምትታወቀው ዲድራ ሮፐር ሸክላ አጫዋች ሆና ተቀላቀለች።

ያ ዘመን ራፕ የወንዶች ሜዳ የነበረበት ነው። በብዙዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ሴት የምትገባው እንደ ጌጥ ነው፤ ትታያለች፣ ትወራለች፣ ራሷ ግን አትናገርም። ሶልት-ኤን-ፔፓ በዚህ ሜዳ ገብተው «ፑሽ ኢት» በተባለው ዘፈናቸው ታወቁ። በ1991 ደግሞ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት በግልጽ እንነጋገር የሚል ነጠላ ዜማ አወጡ። በዓመቱ የዚያኑ ዘፈን ግጥም ለውጠው ስለ ኤድስ እንነጋገር የሚል ቅጂ ሠሩለት። እንግዲህ «ሹፕ» ከመምጣቱ በፊትም ልጆቹ አፋቸውን የሚፈቱ፣ የሚያፍሩበት ነገር ጥቂት የሆነ ዓይነት ነበሩ ማለት ነው።

«ሹፕ» ማለት ምን ማለት ነው?

መልሱ አጭር ነው፦ ምንም። መዝገበ ቃላት ብታገላብጡ ለዘፈኑ የሚሆን ፍቺ አታገኙም። «ሹፕ» እንደኛ «ላላ ላላ» ድምፅ ብቻ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጥቁር ወጣቶች በየመንገዱ ጥግ ቆመው በድምፃቸው ብቻ ሲዘፍኑ፣ ዋናው ድምፃዊ ግጥሙን ይላል፣ ተቀባዮቹ ደግሞ እንደ መሣሪያ ሆነው «ሹፕ» ወይም «ዱ ዋፕ» እያሉ ያጅቡታል። ትርጉም የሌለው ድምፅ ምቱን ይይዛል፣ ባዶውን ይሞላል።

ታዲያ ትርጉም የሌለው ቃል እንዴት የዘፈን ርዕስ ሆነ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደስ የሚላችሁን ሰው በድንገት ስታዩ ውስጣችሁ የሚሰማችሁን ስሜት እስቲ በአንድ ቃል ግለጹት ብትባሉ ምን ትላላችሁ? «ድንግጥ አልኩ» ትሉ ይሆናል። «ልቤ ስንጥቅ አለ» ትሉ ይሆናል። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አይገልጹትም። ሶልት-ኤን-ፔፓ ለዚያ ስሜት ቃል ከመፈለግ ይልቅ ባዶ ቃል ሰጡት። ሰሙ አለ፣ ወርቁን አድማጩ ይጨምርበታል። ለአንዱ መደነቅ ነው፣ ለሌላው ምኞት ነው፣ ለሦስተኛው ጭፈራ ብቻ ነው። ሬዲዮ ጣቢያም ሊቆርጠው አይችልም፤ ምኑን ይቆርጠዋል?

ዘፈኑ እንዴት ተሠራ?

እስከዚያ ጊዜ ድረስ የቡድኑን አብዛኛውን ግጥምና ሙዚቃ የሚሠራው ኸርቢ አዞር ነበር። ሴቶቹ የሚሉትን የሚጽፍላቸው ወንድ ነበር ማለት ነው። «ሹፕ» ላይ ይህ ተለወጠ። ግጥሙን ሶልትና ፔፓ ራሳቸው ጻፉ፤ ሙዚቃውንም ማርክ ስፓርክስ ከተባለ ባለሙያ ጋር ሆነው ራሳቸው ፕሮዲዩስ አደረጉ። ስለ ሴት ፍላጎት የሚያወራ ዘፈን በሴቶቹ በራሳቸው እጅ መሠራቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ግጥሙ የጓደኛሞች ወግ የሚመስለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሙዚቃው የተሠራው «ሳምፕሊንግ» በሚባለው ዘዴ ነው። ሳምፕሊንግ ማለት ከቆየ ሸክላ ላይ አጭር ቁራጭ ወስዶ፣ እየደጋገሙና ምት እየጨመሩ አዲስ ሙዚቃ መሥራት ነው። እናታችሁ የድሮ ቀሚሳቸውን ፈትተው ለእናንተ ሌላ ልብስ ቢሰፉበት እንደማለት ነው፤ ጨርቁ ይታወቃል፣ ልብሱ ግን አዲስ ነው። ለ«ሹፕ» የተወሰደው ጨርቅ «አይም ብሉ» የሚባል የ1960ዎቹ ዘፈን ነው። ደራሲው አይክ ተርነር ሲሆን መጀመሪያ የተጫወቱት አይኬትስ የተባሉ ሴቶች ናቸው። በኋላም ስዊት ኢንስፒሬሽንስ የተባሉ ሴቶች ተጫውተውታል። ለ«ሹፕ» የተቆረጠው ከእነሱ ቅጂ ላይ ነው። አይክ ተርነርም በ«ሹፕ» ደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ሰፍሯል፤ ሰው ከሠራው ላይ ከወሰድክ ስሙን መጥራትና ድርሻውን መስጠት ሕጉም ያዛል፣ ይሉኝታም ያዛል።

ስዊት ኢንስፒሬሽንስ እነማን ናቸው ብትሉ፣ ለአሬታ ፍራንክሊንና ለኤልቪስ ፕሪስሊ ተቀባይ የነበሩ ሴቶች ናቸው። የዊትኒ ሂውስተን እናት ሲሲ ሂውስተንም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ። ነገሩን ልብ በሉት። የድሮው ዘፈን ርዕስ በአማርኛ «ከፍቶኛል» እንደማለት ነው። ሶልት-ኤን-ፔፓ ከዚያ ዘፈን ላይ ተቀባዮቹን አወጡና የተከፋችውን ሴት ድምፅ ለተደሰተች ሴት ዘፈን አዋሉት። ከኋላ ቆሞ ያጅብ የነበረው «ሹፕ» ወደ ፊት መጥቶ ርዕስ ሆነ።

ዘፈኑ በ1993 መስከረም ወር ወጣ። በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ዘፈኑን የያዘው አልበም «ቬሪ ኔሰሰሪ» ማለትም «እጅግ አስፈላጊ» የሚል ርዕስ ያለው ሲሆን በአሜሪካ ብቻ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሠራጭቷል። በ1995 ከዚሁ አልበም ሌላ ዘፈናቸው የግራሚ ሽልማት አግኝቶ፣ በራፕ ይህን ሽልማት ከወሰዱ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል አደረጋቸው።

ልበ ሙሉነቱ የት ላይ ነው?

ግጥሙን ቃል በቃል አንደግመውም፤ ጨዋታውን ግን እንንገራችሁ። ሁለት ጓደኛሞች አንድ የሚያምር ወንድ ያያሉ። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት። አቋሙን፣ አለባበሱን፣ ሰፊ ጂንሱን ሳይቀር እያነሱ ያደንቃሉ። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን መጠየቅ እንደማያሳፍራቸው ይናገራሉ፤ ይህን ማድረጌ ደግሞ መጥፎ ሴት አያሰኘኝም ትላለች አንዷ። ዘፈኑ የቆመው በዚህች ሐሳብ ላይ ነው። «ወደድኩት» ማለትና «ባለጌ ነኝ» ማለት ለየቅል ናቸው ነው የምትለው።

ድምፃቸውንም አዳምጡ። አይጮሁም። አይቸኩሉም። እየሳቁ፣ እንደ ወሬ አድርገው ነው የሚሉት። ፈሪ ሰው ሲናገር ይቸኩላል ወይም ይጮኻል፤ በራሱ የሚተማመን ሰው ግን ጊዜ ይወስዳል። በተጨማሪም ብቻዋን የምትናገር የለችም፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀጥላለች። የጓደኛ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። የአቻ ግፊት ሲባል ሁሌ ወደ መጥፎ የሚገፋ ብቻ ይመስለናል፤ ጓደኛ ግን አንገት ቀና የሚያደርግም ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ወንድ ይገባል፤ ቢግ ትዋን ይባላል። እሱም በተራው ራፕ ያደርጋል፣ ለጨዋታው ይመልሳል። ይህች ትንሽ የምትመስል ቦታ ዘፈኑን ከብዙ ዘፈኖች ትለየዋለች። የተደነቀው ሰው አፍ አለው። መልስ የመስጠት ዕድል ተሰጥቶታል።

አድናቆትና ለከፋ

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞቻችን «ታዲያ እኛ መንገድ ላይ ስናደንቅ ለምን ለከፋ ይባላል?» ማለታችሁ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዘፈኑ ክሊፕም ይህንኑ እያሰበ የተሠራ ይመስላል፤ ተመልካቾቹ ሴቶች፣ ታዪዎቹ ወንዶች ናቸው። ወንዱ በተለመደው የሴት ቦታ ገብቶ ይታያል። ብዙ ሰው ሲያየው ይስቃል። ለምን ይስቃል? ነገሩ የተገለበጠ ስለሆነ ነው። ሲገለበጥ ያሳቀን ነገር ሳይገለበጥ በየቀኑ በእህቶቻችን ላይ ሲደርስ ለምን አያስደንቀንም? ዘፈኑ የሚያቀርብልን መስታወት ይኸው ነው።

መቼም ገልብጦ መድገም ብቻውን እኩልነት አይሆንም። ሴት ወንድን በሰውነቱ ብቻ ብትመዝን እሷም ያንኑ ስህተት ደገመች ማለት ነው። ልዩነቱ ከአድናቆት በኋላ በሚመጣው ነገር ላይ ነው። አድናቆት ይጠይቅና መልስ ይጠብቃል። ለከፋ መልስ አይጠብቅም፤ ይከተላል፣ ይጎትታል፣ እምቢ ሲባል ይሰድባል። መልሱን ለመስማት ዝግጁ ያልሆነ ሰው ጥያቄ አልጠየቀም።

በእኛም አገር የቆየ ወግ አለ። በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ በሎሚ ይመታታል። ሎሚውን ካነሳች ነገሩ መልካም ነው፤ ካላነሳች ጨዋ ልጅ መንገዱን ይቀጥላል። ደስ የሚል ወግ ነው፤ ነገር ግን ሎሚው ሁሌም በወንዱ እጅ ነው። ሴቷ የምትጠብቅ እንጂ የምትወረውር አይደለችም። «ሹፕ» ሎሚውን ለሴቷ ሰጣት። ሕጉ ግን አልተለወጠም፦ ወርዋሪው ማንም ይሁን፣ ማንሳትና አለማንሳት የተወረወረለት ሰው መብት ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ስናድግ የሰማነውን አስታውሱ። «ሴት ልጅ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» የሚል ክፉ አባባል አለ። ከየት መጣ? «እፈልጋለሁ» ማለት ስለተከለከለች፣ «አልፈልግም» ማለቷም አይታመንም። አንደበቷ ሁለቱንም አጣ። ፍላጎቷን መናገር የማትችል ልጅ «ኮንዶም ከሌለ አይሆንም» ለማለት ከየት ትጀምራለች? «መጀመሪያ አብረን እንመርመር» ለማለትስ? «አሁን አልደረስኩም፣ እቆያለሁ» ለማለትስ? እነዚህ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፦ የራስን ፍላጎት አውቆ በራስ አፍ ከመናገር። ወንዱም ቢሆን አልተጠቀመም። «ወንድ ሁሌ ዝግጁ ነው» የሚባል ሸክም ተጭኖበት፣ መፍራቱን ወይም አለመፈለጉን ለጓደኞቹ ሊናገር አይችልም።

የካሴቱ መጨረሻ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በ1993 ሰዎች ሙዚቃ የሚገዙት በካሴትና በሲዲ ነበር። «ሹፕ»ን ብላችሁ «ቬሪ ኔሰሰሪ»ን ገዝታችሁ እስከ መጨረሻው ብትተዉት፣ የመጨረሻው ትራክ ዘፈን አይደለም። አጭር ድራማ ነው። ርዕሱ በአማርኛ «ኤድስ ይዞኛል» የሚል ነው። የሠሩት ዊአቶክ የተባሉ የቦስተን ከተማ ወጣቶች ናቸው፤ በእኛ አነጋገር አቻ ለአቻ የሚያስተምሩ ልጆች። አንዲት ወጣት ተመርምራ ቫይረሱ እንደተገኘባት ለፍቅረኛዋ ትነግረዋለች። ድንጋጤ፣ ቁጣ፣ ማን ለማን አስተላለፈ የሚል መወቃቀስ ይከተላል። ጭፈራ የለም፣ ምት የለም። አልበሙ በዚሁ ያልቃል።

የጊዜውን ሁኔታ አስታውሱ። የቅርጫት ኳስ ኮከቡ ማጂክ ጆንሰን ቫይረሱ በደሙ እንዳለ በይፋ የተናገረው በኅዳር 1991 ነው። በ1994 ኤድስ በአሜሪካ ከ25 እስከ 44 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ አንደኛው የሞት ምክንያት ሆነ። በ1995 ደግሞ ታዋቂው ራፐር ኢዚ-ኢ በዚሁ በሽታ በ30 ዓመቱ አካባቢ ሞተ። ዛሬ የምናውቃቸው የተቀናጁ መድኃኒቶች በሰፊው ሥራ ላይ የዋሉት ከ1996 ጀምሮ ነው። እንግዲህ ያ ድራማ ሲቀዳ ውጤትን መስማት ለብዙዎች የሞት ፍርድ እንደመስማት ነበር።

ሶልት-ኤን-ፔፓ ታዲያ በአንዱ ትራክ ፍላጎትን አከበሩ፣ በሌላው ትራክ አደጋውን ነገሩን። አንዱ ሌላውን አላፈረሰውም። «ፍላጎት ኃጢአት ነው፣ ዝም በሉ» አላሉም፤ «ደስ ያላችሁን አድርጉ፣ ምንም አይመጣም»ም አላሉም። ብዙ ጊዜ ለወጣት የሚደርሰው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው። ከአንድ ወገን ማስፈራሪያ፣ ከሌላ ወገን ማማለያ። ሁለቱን በአንድ ካሴት ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ወጣቱን እንደ ሙሉ ሰው ቆጥሮታል።

ዓይን የማያየው

«ሹፕ» ስለ ዓይን የሚያወራ ዘፈን ነው፤ አየሁት፣ ወደድኩት። ዓይን ግን ወሰን አለው። ሰፊ ጂንሱን ያያል፣ ፈገግታውን ያያል። ኤች አይ ቪን አያይም። «ወፍራም ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ጤነኛ ይመስላል» ብሎ መደምደም ትናንትም ስህተት ነበር፣ ዛሬም ነው። የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው።

ድራማው ከተቀዳ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ስለዚህ ርዕሱን እንደወረደ አንውሰደው። ኤች አይ ቪ በደም ውስጥ መገኘትና ኤድስ አንድ አይደሉም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ይወልዳል። በአገራችንም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው የቆየ ሰው ደግሞ ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። የ1993ቱ ወጣቶች ይህን ቢሰሙ ኖሮ መወቃቀሳቸውን ትተው በማግስቱ ጤና ጣቢያ በሄዱ ነበር። ለእኛ ግን መንገዱ ክፍት ነው።

እንግዲህ ከዘፈኑ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ መማረክ አያሳፍርም። ወንድም ሆናችሁ ሴት ስሜቱ የጤና ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ ስሜቱን መናገር አንድ ነገር፣ ወደ ተግባር መግባት ሌላ ነገር ነው። በ«ሹፕ» ውስጥ ያሉት ሴቶች ያወራሉ፣ ያደንቃሉ፣ ይሳሳቃሉ። በመሀል ለማሰብ ጊዜ አለ። ያንን ጊዜ ለራሳችሁ ስጡ።

ሦስተኛ፣ መልሱን ስሙ። «እምቢ» እምቢ ነው። ዝምታም እሺታ አይደለም።

አራተኛ፣ መታቀብን ከመረጣችሁ አፍ ሞልታችሁ ተናገሩት። ጓደኛ ከያዛችሁም መመርመርንና ኮንዶምን ማንሳት አለማመን አይደለም። «የማታምነኝ ከሆነ እንለያይ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ የሶልትና የፔፓን ድምፅ አስታውሱ፦ ሳትጮሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ እየሳቃችሁም ቢሆን የፈለጋችሁትን ተናገሩ።

ሶልት-ኤን-ፔፓ በ2022 በሆሊውድ የታዋቂዎች መንገድ ላይ ስማቸው ተቀረጸላቸው፤ በ2025 ደግሞ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ በሙዚቃ ላይ ላሳደሩት ተጽዕኖ አከበራቸው። «ሹፕ»ን የዘፈኑት በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነው፤ ዛሬ በዕድሜ የበሰሉ ወይዘሮዎች ናቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ የምትወዱት ዘፈን ሲከፈት እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፦ እዚህ ዘፈን ውስጥ የሚናገረው ማነው? ዝም የተባለውስ? መልስ የመስጠት ዕድል የተሰጠው ሰው አለ? ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት። ካሴቱንም፣ ይቅርታ፣ ስልካችሁን፣ እስከ መጨረሻው ትራክ ተዉት።

መልካም ማዳመጥ!